ምክንያቱን የማይናገር አስተማሪ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሕክምና ትምህርት ቤት

በኖርዌይ አገር ስታቫንገር በምትባል የወደብ ከተማ አስሙንድ ሌርዳል የተባለ ነጋዴ የልጆች መጫወቻ እያሠራ ይሸጥ ነበር። መጫወቻዎቹን የሚሠራው ከለስላሳ ፕላስቲክ ስለ ነበረ፥ ሐኪሞች ትንፋሹ የተቋረጠበትን ሰው በአፍ እስትንፋስ ማዳንን ለማስተማር የሚረዳ የሰው አምሳል እንዲሠራላቸው በጠየቁት ጊዜ ነገሩ ከለመደው ንግድ የራቀ ሆኖ አልታየውም። በ1960 ለገበያ ያወጣት አሻንጉሊት «ረሱሲ አን» ተባለች፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየአገሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በእርሷ ላይ ተለማምዷል። የፊቷ መልክ የተቀዳው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በፓሪስ ከሴን ወንዝ ሞታ ወጣች ከምትባል፥ ስሟ ካልታወቀ ልጃገረድ የፊት ቅርጽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተጨመረባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለ ልጅቱ የሚነገረው ታሪክ እውነት ይሁን ልብ ወለድ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ነገር፥ ለዚህ ሥራ የባለ ፊቷ ፈቃድ ያልተጠየቀ መሆኑ ነው። ነጋዴው ገበያ አገኘ፤ ብዙ ሕይወትም ዳነ፤ ስለ ሆነም ጥያቄውን አጥብቆ ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ሐኪም ለማስተማር የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ከሰው አካል ወይም ከሰው ሕመም የተቀዳ መሆኑን ይህች አሻንጉሊት አስቀድማ ታሳያለች።

አሻንጉሊቷ አንድ መልካም ጠባይ ነበራት፤ አትናገርም። ተማሪው ቢሳሳት የሚያርመው አጠገቡ የቆመው መምህር ነው። ዛሬ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው አዲስ ዕቃ ግን ይናገራል። ሕመምተኛ መስሎ «ሆዴን ይቆርጠኛል» ይላል፤ መምህር ሆኖ ይጠይቃል፤ ፈታኝ ሆኖ ነጥብ ይሰጣል፤ የራጅ ፎቶግራፍ ተመልክቶ «እዚህ ላይ ጉዳት አለ» ብሎ ያመለክታል። ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ተከፈተ። በየካቲት 2023 የታተመ አንድ ጥናት፥ ይኸው መሣሪያ በአሜሪካ ሐኪሞች የሥራ ፈቃድ በሚያገኙበት ፈተና ለማለፍ ከሚያስፈልገው ከመቶ 60 ያህል ነጥብ ላይ እንደ ደረሰ ወይም እንደ ተጠጋ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስተምር፥ የሚፈትን፥ ሕመምተኛ መስሎ የሚጫወት ዕቃ የሚያቀርቡ ድርጅቶች በዝተዋል። የሕክምና መሣሪያና መጻሕፍት የሚያስመጣ ነጋዴም ዛሬ ወይም ነገ እንዲህ ያለ ዕቃ አስመጣ መባሉ አይቀርም።

የተበላሸ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሱቁ እንደሚመለስ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ቅቤው ቢሸት፥ ጨርቁ ቢያጥር፥ ሲሚንቶው ቢደርቅ ተቆጥቶ የሚመጣ ደንበኛ አለ። በዚህ ንግድ ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ኮሌጁ ነው፤ በዕቃው የሚገለገለው ተማሪው ነው፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚቀበለው ደግሞ ከዓመታት በኋላ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ተራውን የሚጠብቅ ሕመምተኛ ነው። ሕመምተኛው በእጁ ደረሰኝ የለውም። ሐኪሙ የተማረበትን መሣሪያ ስም እንኳ አያውቅም። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የስታንፎርዱ ደንብ

መሣሪያ ሐኪም ማስተማር የጀመረው በቅርብ ጊዜ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ ግን አይደለም። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሾርትሊፍና የሥራ ባልደረቦቹ «ማይሲን» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጅተው ነበር። ተግባሩ በደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያንና የማጅራት ገትር በሽታን በሚመለከት የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሻል ሐኪሙን መምከር ነበር። ዕውቀቱ የተጻፈው በብዙ መቶ በሚቆጠሩ ደንቦች ሲሆን፥ እያንዳንዱ ደንብ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ነው። በ1979 በታተመ ፍተሻ የማይሲን ምክርና የስታንፎርድ መምህራን ምክር ተደባልቆ የማን መሆኑን ለማያውቁ ሊቃውንት ቀረበ፤ በሚዛኑም የመሣሪያው ምክር ከመምህራኑ ያላነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ያህል የሚመክር መሣሪያ ማስተማርም ይችላል ተብሎ ቢታሰብ የሚያስደንቅ አይደለም። ዊልያም ክላንሲ የተባለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰው በማይሲን ደንቦች ላይ ተመሥርቶ «ጋይደን» የተባለ አስተማሪ ፕሮግራም ሠራ። ጋይደን ለተማሪው የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ያቀርባል፤ ተማሪው እንደ ሐኪም እየጠየቀ ይመረምራል፤ መሣሪያውም የተማሪውን አካሄድ ከማይሲን አካሄድ ጋር እያስተያየ ያርመዋል። ችግሩ የታየው ይኸኔ ነው። ለመምከር የበቁት ደንቦች ለማስተማር ሳይበቁ ቀሩ።

ክላንሲ በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ከመረመራቸው ደንቦች አንዱ፥ ሕመምተኛው ከ8 ዓመት በታች ከሆነ ቴትራሳይክሊን አይታዘዝለት የሚል ነበር። ደንቡ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን በደንቡ ውስጥ የለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በአፍ የሚወሰደው ቴትራሳይክሊን በማደግ ላይ ባለ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቅና የልጁን ጥርስ ዕድሜ ልኩን የማይለቅ ቀለም ያስይዘዋል። ይህን ሐኪሞቹ ያውቁት ስለ ነበረ ጽፈው አላስገቡትም፤ መሣሪያውም ያልተጻፈለትን አያውቅም። ተማሪው «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መሣሪያው የሚያሳየው ያንኑ ደንብ መልሶ ነው።

ይህ ነገር መድኃኒት ቤት ላላቸው አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም። በአገራችን ቴትራሳይክሊን በብዛት የሚታወቀው በዓይን ቅባትነቱ ነው፤ ለትራኮማም ሆነ ገና ለተወለደ ሕፃን ዓይን መከላከያ ይውላል። ደንቡን ብቻ በቃሉ ያጠና ተማሪ አራስ ሕፃን ፊት ሲቆም «ከ8 ዓመት በታች ነው» ብሎ ቅባቱን ሊከለክል ይችላል፤ ቢከለክልም ሕፃኑን ለዓይን ሕመም አሳልፎ ይሰጠዋል። ምክንያቱን የተማረው ግን በዓይን ላይ የተቀባ ጥቂት ቅባት ወደ ጥርስ ደርሶ ጉዳት የሚያመጣ ያህል ወደ ደም እንደማይገባ ስለሚረዳ ያለ ፍርሃት ይቀባል። እንዲሁም ሌላ መድኃኒት በሌለበትና የልጁ ሕይወት በሚያሠጋበት ጊዜ ደንቡን ለመተላለፍ የሚደፍረው የደንቡን ምክንያት የሚያውቅ ሐኪም ብቻ ነው፤ የጠቆረ ጥርስ ከሞት ይሻላልና። ክላንሲም በኋላ «ኒዮማይሲን» የተባለውን ሌላ ፕሮግራም የሠራው ደንቦቹን ከአስተሳሰቡ መንገድ ጋር አያይዞ ለማስተማር እንዲቻል ነው።

የዛሬው መሣሪያ በደንብ የሚሠራ አይደለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተል የለመደ ነው። ስለዚህ ከጋይደን የሚለይበት አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ጋይደን ምክንያቱን ሲጠየቅ ዝም ይል ነበር፤ የዛሬው ግን ከቶ ምክንያት አያጣም። የሰጠው መልስ ስሕተት ቢሆንም እንኳ፥ መምህር በሚናገርበት ቋንቋና ቅንነት በተሞላ አነጋገር ያስረዳል። የሚሰጠው ምክንያት መልሱን ያስገኘው ምክንያት ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ መልሱ እንደ ተቀነባበረ ምክንያቱም ተቀነባብሮ የቀረበ ሊሆን ይችላል። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሐኪም ይህን አይቶ ይስቅ ይሆናል። ተማሪው ግን ሊስቅ የሚችልበት ዕውቀት ገና የለውም፤ ለዚሁ ሲል ነው ትምህርት ቤት የገባው።

በዚህ ላይ ያነበበው ጽሑፍ ሁሉ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የኩላሊትን ሥራ ለማስላት ሐኪሞች ይጠቀሙበት የነበረው ቀመር ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረው። የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና የአገሪቱ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2021 ይህ ማባዣ እንዲቀር አሳሰቡ፤ አዲስ ቀመርም ወጣ። ነገር ግን በ2023 የታተመ ጥናት አራት የታወቁ የቋንቋ መሣሪያዎችን ስለ ኩላሊት፥ ስለ ሳንባ አቅምና ስለ ቆዳ ውፍረት በጠየቃቸው ጊዜ የተሻረውን ወይም ከመሠረቱ ሐሰት የሆነውን ዘርን የተመለከተ ትምህርት ሲደግሙ አግኝቷቸዋል። ከንግድ አነጋገር አንጻር ሲታይ፥ ያለፈውን ዓመት የዋጋ ዝርዝር በእጁ ይዞ ለደንበኛ በልበ ሙሉነት ዋጋ እንደሚነግር ጸሐፊ ማለት ነው። ልዩነቱ የዋጋው ስሕተት በማግሥቱ ሒሳብ ሲዘጋ መታየቱ ነው።

ናሙናው ከማን ተወሰደ?

ቡና ወይም ሰሊጥ የሚልክ ሰው ናሙና ምን ማለት እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ከጆንያው አፍ ብቻ የተዘገነ ናሙና የጆንያውን ሆድ አይናገርም። የማስተማሪያ መሣሪያም የሚያውቀው በናሙናነት የታየውን ሕመምተኛ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር መግቢያ የሚሆን፥ ነጋዴዎቻችን ራሳቸው በሱቃቸው ያዩት አንድ ዕቃ አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው ትንሽ መሣሪያ በየመድኃኒት ቤቱ ሲፈለግ ነበር። በዚያው ዓመት፥ በ2020፥ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፥ መሣሪያው ደኅና ነው ብሎ ከቈጠራቸው ሕመምተኞች መካከል ደማቸው በቀጥታ ሲመረመር ኦክሲጅን በጣም ያነሳቸው ሆነው የተገኙት ከነጮቹ ከመቶ 3.6፥ ከጥቁሮቹ ደግሞ ከመቶ 11.7 ነበሩ። ዕቃው ሐሰተኛ አልነበረም። ፋብሪካውም ሆን ብሎ አላታለለም። ብርሃኑ በጠቆረ ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነው ነገር በሚገባ ሳይመዘን ሚዛኑ ስለ ወጣ ነው።

በቆዳ በሽታ ትምህርት ነገሩ ይብሳል። የተቆጣ ቆዳ በነጭ ሰው ላይ ቀልቶ ሲታይ፥ በጠይም ወይም በጥቁር ሰው ላይ ይበልጥ ጠቁሮ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው ቢጫነት ፈላጊው በዓይኑ ነጭ ላይ መመልከት ይገባዋል። የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ምልክት የሆነው ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ከአካባቢው ነጣ ብሎ፥ በነጭ ቆዳ ላይ ደግሞ ቀላ ብሎ ይወጣል። በደጋው አገራችን የሚገኘውን ቁንጭርን ከሌላ ቁስል ለይቶ ማወቅ ለሠለጠነ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። እነዚህን ሁሉ በነጭ ቆዳ ፎቶግራፍ ብቻ የተማረ ሰው፥ አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል ተረኛ ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ያስደነግጠዋል።

ይህ ጉድለት በመሣሪያ ብቻ የመጣ አይደለም፤ መጻሕፍቱም ነበረባቸው። በለንደን በሴንት ጆርጅስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ምልክቶቹ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ከሁለት መምህራን ጋር ሆኖ በ2020 ያወጣው፥ ትምህርቱን የሚሰጡት መጻሕፍት ስለ ዘለሉት ነው። መሣሪያው ግን ጉድለቱን ወርሶ በፍጥነት ያባዛዋል። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 656 ፎቶግራፎች ከልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ሰብስበው ሦስት የቆዳ በሽታ መለያ መሣሪያዎችን ፈተኑ፤ ሦስቱም በጠቆረ ቆዳ ላይ ደከሙ። የሚያስደስተው ቀጥሎ ያለው ነው፤ መሣሪያዎቹ በእነዚሁ ልዩ ልዩ ፎቶግራፎች እንደ ገና በሠለጠኑ ጊዜ ልዩነቱ ተዘጋ። እንግዲህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ናሙናውን ማስተካከል ነው። ገዢ ካልጠየቀ ግን ሻጭ የሚያስተካክልበት ምክንያት የለውም።

ፎቶግራፍ ብቻ አይደለም፤ ታሪክም ናሙና ነው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚያቀርቡትን የሕመምተኛ ታሪክ መጻፍ ጊዜ ስለሚፈጅ ብዙዎች ለመሣሪያ መስጠት ጀምረዋል። በጥር 2024 በታተመ ጥናት የቦስተን ተመራማሪዎች ጂፒቲ-4ን እንዲህ ያሉ ታሪኮች ደጋግሞ እንዲጽፍ አዘዙት። መሣሪያው በሽታና ዘርን ከእውነተኛው ቁጥር አልፎ አጣበቃቸው፤ ሳርኮይዶሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ለምሳሌ ያህል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ለጥቁር ሰው ይሰጥ ነበር። በሽታው በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ በብዛት መታየቱ እውነት ነው፤ የእነርሱ ብቻ አለመሆኑም እውነት ነው። መቶ እንዲህ ያለ ታሪክ ያነበበ ተማሪ በሽታውን ሌላ መልክ ባለው ሰው ላይ ሲያገኘው አያውቀውም።

በእንግሊዝኛ ሠልጥኖ ሕመምተኛ መስሎ የሚናገር መሣሪያም ለእኛ አገር ሌላ ጣጣ ያመጣል። የእኛ አገር ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ምች መታኝ» ይላል፤ «መጋኛ ያዘኝ» ይላል፤ «ብርድ ገባብኝ» ይላል። ከእነዚህ ቃላት በስተኋላ ያለውን ሕመም ፈልቅቆ ማውጣት የሐኪሙ ግማሽ ሥራ ነው። ደረቱን በጣቱ አመልክቶ የሕመሙን ሰዓትና ዓይነት በቅደም ተከተል የሚናገር ሕመምተኛ መልካም ነው፤ በየጤና ጣቢያው ግን አይመጣም።

የእጅ ሥራ

በፖላንድ በአራት የምርመራ ቦታዎች ትልቁን አንጀት በቱቦ መነጽር የሚመለከቱ ሐኪሞች ነበሩ። ጀማሪዎች አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ከሁለት ሺህ በላይ ምርመራ ያደረጉ ነበሩ። በ2021 መጨረሻ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ የሚችለውን እባጭ በስክሪን ላይ ምልክት እያደረገ የሚያሳይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተሰጣቸው። መሣሪያው ከመግባቱ በፊት እባጭ ያገኙ የነበረው ከመቶ ሕመምተኛ በ28.4 ላይ ነበር። መሣሪያውን ከለመዱ በኋላ ያለ መሣሪያ ባደረጉት ምርመራ ያገኙት በ22.4 ላይ ሆነ። ጥናቱ በነሐሴ 2025 ታትሟል። ሐኪሞቹ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ተመዘገበ እንጂ ዕጣ ተጥሎ የተደረገ ሙከራ ስላልሆነ፥ ቅናሹን ያመጣው መሣሪያው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከሁለት ሺህ ምርመራ በኋላ ዓይን እንዲህ የሚሰንፍ ከሆነ፥ አንድም ጊዜ በራሱ ዓይን ሳይፈልግ መሣሪያ ከፊቱ የቆመለት ተማሪ ምን ይማራል?

ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህ አይጠፋውም። በቃሉ መደመር ያልተማረ ገንዘብ ተቀባይ የሒሳብ መኪናው ከመቶ ይልቅ ሺህ ቢያወጣ አያፍርም። በአገራችን መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር እየላከ ያሠለጠነው የጤና ሠራተኛው የሚሰማራበት ቦታ መሣሪያ የሌለበት በመሆኑ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው የሆነ ጤና ጣቢያ ብዙ ነው። አንዳንድ መምህራን ለዚህ የሚያቀርቡት መፍትሔ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ ሕመምተኛውን በእጁና በጆሮው መርምሮ የራሱን አሳብ በቀለም ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ይከፍታል። ሁለቱ አሳቦች ከተለያዩ መምህሩ በመካከላቸው ይፈርዳል። ነጥብ የሚሰጠውም መምህሩ ነው፤ መሣሪያ ብቻውን ተማሪን ሊያስወድቅ አይገባም፤ የወደቀው ተማሪ ይግባኝ የሚልበት ሰው ያስፈልገዋልና።

የሕመምተኛ ምሥጢር ጉዳይ ደግሞ አለ። ተማሪ ሆስፒታል ውሎ ሲመጣ ያየውን ሕመምተኛ ታሪክ፥ አንዳንድ ጊዜም ፎቶግራፉን፥ በስልኩ ላይ ላለው መሣሪያ አቅርቦ «ምን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቀለዋል። በክፋት አያደርገውም፤ ሊማር ነው። ነገር ግን የጻፈው ሁሉ ወደ ሌላ አገር ሄዶ በሻጩ መዝገብ ይቀመጣል፤ እንደ ውሉም መሣሪያውን ለማሠልጠን ሊውል ይችላል። በእንግሊዝ አገር ሮያል ፍሪ የተባለው የለንደን ሆስፒታል ድርጅት የኩላሊት ጉዳት የሚያስጠነቅቅ የስልክ ፕሮግራም ለመፈተሽ ሲል የ1.6 ሚሊዮን ሕመምተኞችን መዝገብ የጉግል ለሆነው ለዲፕማይንድ ሰጥቶ ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ተቆጣጣሪ በሐምሌ 2017 ሆስፒታሉ ሕጉን እንዳልጠበቀ ወሰነ፤ ሕመምተኞቹ በሚገባ ስላልተነገራቸው ነው። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናን መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚገባቸው መረጃዎች መካከል ቈጥሮታል፤ መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትንም ሁኔታ ወስኗል። አስመጪው «እኔ ዕቃ አምጥቼ ሸጥሁ እንጂ መዝገብ አልላክሁም» ሊል ያምረው ይሆናል፤ ዕቃው ራሱ መዝገብ ላኪ ከሆነ ግን ንግግሩ አይጠቅመውም።

ውሉ ሲጻፍ

የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2021 ባወጣው መመሪያ ስለ ግልጽነት፥ ስለ ተጠያቂነትና ማንንም ወደ ኋላ ስላለማስቀረት ያሳሰበው ሁሉ መልካም ነው። መመሪያ ግን ራሱን አያስፈጽምም፤ በዚህ ንግድ ውስጥ መመሪያን ወደ ተግባር የሚለውጠው ወረቀት ውሉ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ዕቃ አይሸጥም፤ በዓመት ኪራይ፥ በውጭ አገር ገንዘብ ይቀርባል። በውሉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ አንድ አንቀጽ አለ፤ መሣሪያው ለትምህርት ብቻ እንደ ሆነ፥ የሕክምና ምክር እንዳልሆነና ሻጩ በውጤቱ እንደማይጠየቅ ይናገራል። ለሌላ ሰው ይህ አንቀጽ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለሕክምና ትምህርት ቤት ግን ትርጉም የለውም፤ በዚያ ቤት ሰኞ የተማሩት ነገር ረቡዕ በሕመምተኛ ላይ ይሠራበታል። አስመጪው ይህን አንቀጽ ቢያንስ ለኮሌጁ አንብቦና ተርጉሞ ማሳየት ይገባዋል። ሕመምተኞቹ ከየት አገር፥ በየትኛው ዓመት የተመዘገቡ፥ ምን ዓይነት ቆዳ ያላቸው እንደ ነበሩም ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ አይከብድም። መልስ ካልመጣ ዝምታውም ለገዢው ይነገራል።

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴ የሚረዳው ችግር የናሙናና የጭነት አለመመሳሰል ነው። ናሙና አይቶ የተስማማ ገዢ በወደብ ሌላ ዕቃ ቢመጣበት ይከሳል። ይህ መሣሪያ ግን በሻጩ ቤት ያለ በመሆኑ አንድ ሌሊት ተለውጦ ሊያድር ይችላል፤ ስሙ ያው፥ ደረሰኙ ያው ሆኖ የሚሰጠው መልስ ሌላ ይሆናል። በመስከረም ተመርምሮ የጸደቀው አስተማሪ በጥር የሚያስተምረው እርሱ ላይሆን ነው። ስለዚህ ለውጥ በተደረገ ቁጥር አስቀድሞ እንዲነገርና እንደ ገና እንዲፈተሽ በውሉ ማስገባት ያስፈልጋል።

ፍተሻውም እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል። የኮሌጁ መምህራን ከራሳቸው ሆስፒታል ሕመምተኞች ፈቃድ ተቀብለውና ስም አጥፍተው ሃምሳ ያህል ታሪክ ያዘጋጃሉ፤ ከቆላም ከደጋም፥ ከሕፃንም ከአረጋዊም፥ «ምች መታኝ» ብሎ የመጣውም ሳይቀር። መሣሪያው መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይጠየቃል፤ ምክንያቱን የሚመዝኑት መምህራኑ ናቸው። የዓመቱ ኪራይ ግማሹ በፊርማ ጊዜ፥ ቀሪው ፍተሻው ካለፈ በኋላ ይከፈላል። ሃምሳዎቹ ታሪኮች ግን ለሻጩም ሆነ ለአስመጪው አይሰጡም፤ በማንኛውም ኢንተርኔት ላይ ባለ መሣሪያ ላይም አይከማቹም። በወረቀት ሆነው በዲኑ ቢሮ ቍልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣሉ፤ በፍተሻው ቀን የተጻፈውንም ሻጩ ለማሠልጠኛ እንዳያውለው በውሉ ይከለከላል፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ካነበባቸውና ከተማረባቸው በሚቀጥለው ዓመት በቃሉ ይመልሳቸዋልና።